እንክት አድርጎ የበላ ድስቱን ይጠርጋል

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ፣ ግራ እጄን ጨው ማስቀመጫው ላይ አድርጌ አንድ ነገር እናዘዛለሁ። እኔ የዚህ ቤት የመጨረሻ ልጅ፣ ጤናዬና አእምሮዬ የተሟላ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሰው ሾርባ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሬአለሁ። የማን ሾርባ እንደሆነና ለምን እንደጨመርኩ ወደ ታች ትደርስበታለህ። ፍርድህን እስከዚያ ድረስ አቆይልኝ።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ሰንብተሃል? አሁንም እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ወገብህስ? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ እንፋሎት ደረትህን አልጎዳውም ወይ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ይህን ሁሉ የሚጠይቅህ አባባ ነው፤ ከወዲያኛው ክፍል ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ «ጻፊ! ጻፍሽ?» ይለኛል። እኔ በበኩሌ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትበላለህ ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። አባባ ደህና ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። አያታችንም ደህና ናቸው፤ በቀደም አንድ ጥርስ ወልቆባቸው የቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ሳይገናኙ ይኖራሉ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የአባባ ደንበኛ ነው፤ ነገ ወደ እናንተ ይጓዛል፣ ሱሪው ካለቀለት። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ስልኩን ገበታው መሀል አስቀምጣ ድምፁን ስለምትለቀው ነው፤ በእሱ የሚወራ ምስጢር ማዶ ያለው ጋራዥ ድረስ ይሰማል።

የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። ምሳ ላይ «ዛሬስ እንክት አድርጌ በላሁት» ብለህ ለራስህ ስታጉረመርም አብሮህ አንሶላ የሚያጥፈው ሰውዬ ሰምቶ ትርጉሙን እንደጠየቀህ፣ አንተም «መብላት ማለት ነው» ብለህ እንዳለፍክ፣ ከዚያ ግን ዝናብን «ውሃ ነው» ያልክ ያህል ሲከነክንህ እንደዋለ ጽፈሃል። «ቤት ያሉትን ጠይቂና በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ» ብለሃል። ጠየቅኩ። ሽማግሌ ጠይቆ ቀጥ ያለ መልስ ያገኘ ሰው እዚያ ካለ ስሙን ላክልኝ።

አባባ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብዙ አሰበና «እንክት ማለት ከጨርቁ ቁራጭ ሳይተርፍ ማለት ነው» አለኝ። ስለ ምግብ ነው የጠየቅኩህ ስለው «ያው ነው፤ ቁራጭ የለውም» አለ። አያታችን ደግሞ «እንክት ጥርስ ላለው ነው! በእኛ ጊዜ ሰው አጥንት ያነክት ነበር፤ እናንተ ለስላሳ ዳቦ ይዛችሁ እንክት እንክት ትላላችሁ» አሉ። ይህን እያሉ በድዳቸው ሁለተኛውን ለስላሳ ዳቦ ጨረሱ። እማዬ ጭልፋውን እንኳ ሳታስቀምጥ «ይሄ ይነገራል እንዴ? የሚበላ ሰው ሲኖር ይታያል» አለችና በአገጯ አሳየችኝ። ማንን ያሳየችኝ ይመስልሃል? በያጁን!

ስለ በያጁ ከመግባቴ በፊት የጓደኛህን መልስ ከራሴ ልስጥህ። እንክት አድርጎ መብላት ብዙ መብላት ብቻ አይደለም። ብዙ የሚበላ ሆዳም ይባላል። እየተጣደፈ የሚበላ ስግብግብ ይባላል። ሰው ዞር ሲል የሚበላ (ስሙን አልጠራም፣ አንገቱ ላይ ሜትር አለ) ላፍ አደረገው ይባላል። እንክት የሚባለው እጅ ሳያመነታ፣ ዓይን ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ ሳህኑ የተረፈ ነገር ይዞ መታየት እስኪያፍር ድረስ ሲበላ ነው። ቃሉ ከገበታም ይወጣል። የቤት ሥራዬን አልሠራም ስል እማዬ «እንክት አድርገሽ ትሠሪያታለሽ!» ትለኛለች። ደንበኛ መጥቶ ሱሪው ለማታ ይደርስ እንደሆነ ሲጠይቅ አባባ «እንክት!» ብሎ ይምላል፤ ሱሪው ለሳምንቱም አይደርስ። ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ደግሞ እንክትክቱ ይወጣል፤ የኔም እንዳይወጣ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

የቃሉን ሹመት ግን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በእኛ ቤት እንክት አድርጎ የበላ ድስቱን ይጠርጋል። እማዬ ሁሉም ሲጨርስ ድስቱን ራሱን አምጥታ፣ ከዳቦው ጫፍ ጋር፣ እንክት አድርጎ በበላው ፊት ታስቀምጣለች፤ እሱም ቂጡ ላይ የተጣበቀውን እየጠረገ ይጎርሳል። ያ ሰው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። እኔን እማዬ «ድንቢጥ» ነበር የምትለኝ፤ ሁለት ጥሬ ለቅማ ብር የምትል። አንተ በሄድክ ማግስት እማዬ ድስቱን ይዛ መጣች፣ አባባን አየች፣ አያታችንን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ይዛው ተመለሰችና ውሃ ሞላችበት። በማግስቱም ውሃ ሞላችበት። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ዙፋን ባዶ ከሆነ ታናሽ ይወርሳል ብዬ ጠበቅኩ።

ከዚያ በያጁ መጣ። ማዶ ብረታ ብረት ቤት የሚሠራ፣ ትከሻው ከበራችን የሚሰፋ፣ ሲያወራ ግን የማይሰማ ሰውዬ ነው። ክፍልህን ተከራየ። አልጋህ ላይ ይተኛል፤ ይሁን፣ አልጋ ነው። ጃኬቱን ሚስማርህ ላይ ይሰቅላል፤ ይሁን፣ ሚስማር ነው። በመጀመሪያው ምሽት ግን እማዬ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ጎድጓዳ ሳህንህን ከቁም ሳጥን አውጥታ በሱ ሾርባ ሰጠችው። እኔ ብነካው «የወንድምሽ ነው!» ይባልብኝ የነበረውን ሳህን! እሱም ጎንበስ አለና ቀና ሲል ሳህኑ ባዶ ነበር። ደግማ ጨለፈችለት። ደገመ። ያኔ እማዬ ድስቱን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። ጠረገው፤ ታጥቦ የመጣ እስኪመስል። «እንክት ማለት እንዲህ ነው!» አለችና ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አውቃለሁ። ደሜ ፈላ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬን አትጠይቀኝ። የድስቱ ክዳን ሳይከፈት «ልጄ መጣ?» ትላለች። ልጄ የምትለው እሱን ነው። እኔ ከጎኗ ሽንኩርት እየላጥኩ አለቅሳለሁ፤ ሁሉም በሽንኩርቱ ያሳብባል። አንድ ማታ እኔም ወሰንኩና እንክት ላደርገው ተነሳሁ። ድንቹን በጥንድ በጥንድ ጎረስኩ። ስቅ አለኝ። እማዬ ጀርባዬን እየመታች «ቀስ በይ፣ ምን ያስገበግብሻል!» አለችኝ። ፍርድ ማለት ይሄ ነው፤ እሱ ሲያደርገው እንክት፣ እኔ ሳደርገው መስገብገብ። በቅናት ብቻዬን እንዳልሆንኩም ልንገርህ። አባባም በነጋታው ቀበቶውን አላልቶ ሦስት ሳህን ጠየቀ፣ እማዬ ግን ቀና ብላ አላየችውም። ሌሊቱን ሙሉ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት አያታችን ከአልጋቸው ሆነው «የሰው ጌጥ ያስጌጣል እንጂ አያጠግብም» አሉት። ተረቱ እንዲያ አይደለም፤ ግን ማን ያርማቸዋል።

ይባስ ብሎ ቀማሽነትህንም ወሰደው። እማዬ የራሷን እጅ እንደማትቀምስ ታውቃለህ፤ «የሠራ ምላስ ያዳላል» ትላለች። ለጋራዡ ሠራተኞች የምትሠራው ምሳ ሳይወጣ አንተ ነበርክ በጭልፋ ቀምሰህ «ጨው አነሰው» ወይም «በቃው» የምትል። አሁን በያጁን ከማዶ ጠርታ ታስቀምሰዋለች። እሱም ሁልጊዜ «ልክ ነው፣ እናቴ» ይላል። ሁልጊዜ! አንድ ቀን እንኳ ልክ ያልሆነ ነገር የለም።

እንግዲህ ጨው የጨመርኩበት ሾርባ የሱ ነበር። ፊቱ ተጨማዶ «እኽ!» ብሎ ሲተፋው፣ እማዬም ሳህንህን ከፊቱ ስታነሳ በሐሳቤ አይቼ ጨርሻለሁ። እሱ ግን ጎንበስ አለ፣ በላ፣ በዳቦ ጠረገ፣ «እናቴ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ። እማዬም ወደ እኔ ዞራ «አየሽ?» አለችኝ። ሳህኑን ላጥብ ወስጄ የቀረችውን ጠብታ በጣቴ ቀመስኳት፤ ዓይኔ በእንባ ሞላ። ይህን የበላ ሰው ወይ ጻድቅ ነው ወይ ግድግዳ ነው አልኩ። ለማረጋገጥ በነጋታው ሻዩን በስኳር ፋንታ ጨው አድርጌበት አቀረብኩ። ጠጣና «ጥሩ አድርገሽ ነው ያጣፈጥሽው፣ እህቴ» አለኝ።

ባልዲያችን እጀታው ተነቅሎ ነበርና እሱን ሰበብ አድርጌ ብረታ ብረት ቤቱ ሄድኩ። የበር ፍሬም ይበይድ ነበር። ጭንብሉን ሲያነሳ ሳላስጨርሰው «ሻዩ ጨው ነበር። ሾርባውም ጨው ነበር» አልኩት። ይቆጣል ብዬ እግሬን ለሩጫ አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ባልዲውን ተቀብሎኝ እጀታውን እያገላበጠ፣ ዓምና ታሞ እንደነበር፣ ትኩሳቱ ሲለቀው ጣዕምና ሽታውን ይዞበት እንደሄደ፣ ከዚያ ወዲህ የሚበላው ሁሉ ካርቶን ካርቶን እንደሚለው ነገረኝ። «ታዲያ ካርቶኑን ለምን እንደዚያ ታነክተዋለህ?» ስለው፣ «የመጀመሪያው ቀን እናትሽ ጭልፋ ይዘው በሩ ላይ ቆመው እጄን ያዩ ነበር። ልተወው ስል ፊታቸው ጠቆረ። ስጨርሰው ግን ሄደው ለራሳቸው ጨለፉና ተቀመጡ። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ካልጨረስኩ እሳቸው አይቀምሱም። አላየሽም እንዴ?» አለኝ።

አላየሁም ነበር። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሳህንህን፣ ድስቱን፣ ሚስማርህን ሳይቀር ስጠብቅ የእማዬን ሳህን አላየሁም። አንተ ከሄድክ ወዲህ «ስሠራ ጠግቤያለሁ» ስትለን እኛም አምነን ስንበላ ነበር። ቅናቴ በዚህ ይበርዳል ብለህ ከጠበቅክ ተሳስተሃል፤ በአባባ ሜትር አንድ ክንድ ጨመረ። የእናቴን ሆድ ከእኔ ቀድሞ ያየው ምላስ የሌለው ሰው ነው!

ወዲያው ደግሞ የጋራዡ ነገር በራልኝ። ለካ እማዬ ያን ሁሉ ጊዜ በያጁ «ልክ ነው» እያላት አንድ ቀን ጨው ትረሳ፣ አንድ ቀን ሁለቴ ትጨምር ነበር። ሠራተኞቹ ሳህናቸውን እየተዉ መነሳት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እኛ ቤትም የማይታወቅ አልነበረም፤ አባባ ግን ምን ሊል? የወንድ ልጅ ብልሃት ብሎ ዳቦ በብዛት ያነሳል፣ አያታችን ሁልጊዜ «ዘንድሮ ጨዉ ነው የተበላሸ» ይላሉ። የጋራዡ አለቃ፣ እኛ ግሪሱ የምንለው፣ ከቀናት በፊት በራችን ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ሰዎቼ ሌላ ቦታ ካልበላን እያሉኝ ነው። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እበላለሁ፤ እንደ ድሮው ካልሆነ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። እማዬ እሱ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ሲሄድ ግን ሽንኩርት መላጫው ጋ ተቀምጣ «ልጄ እንክት አድርጎ የሚበላውን እነሱ ምን ሆነው ነው የሚጠሉት? የጋራዡ ምሳ ከቀረ ምድጃውን አጠፋለሁ» አለች። እማዬ የምትለውን የምታደርግ ሰው ናት። የምድጃው መጥፋት ማለት ደግሞ የእሷ ቁጭ ማለት ማለት ነው።

በእጄ ያለውን አስበው። አንድ ቃል ብቻ ነው። «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አይጣፍጠውም» ብል ሳህንህም፣ ድስቱም፣ «ልጄ»ም ከሱ ይወርዳሉ። ሌሊት በአልጋዬ ላይ ቃሉን ስለማመደው አደርኩ። ግን ይህን ከሰማች ያን ሁሉ «እንክት» ለካርቶን ስትሰጠው እንደኖረች ታውቃለች፤ ድስቱንም መልሳ ውሃ ትሞላበታለች። ስለዚህ ጠዋት ማዶ ተሻግሬ ከጠላቴ ጋር ስምምነት ገባሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እማዬ ድንችና ምስር አንድ ላይ የገቡበትን ሾርባ ሠራች። ዞር ስትል እኔ በጭልፋ ቀመስኩ፤ የጨው ዘር አልነካውም። እማዬ እንደ ልማዷ ከበራፍ ሆና በያጁን ጠራችው። ቀመሰና ዓይኑን ከእሷ ትከሻ በላይ ወደ እኔ አነሳ። እኔ ጆሮዬን አከክኩ፤ ጆሮ ማለት ጨው ነው። «ትንሽ ጨው ይጎድለዋል፣ እናቴ» አለ። እማዬ ደነገጠች፤ ጎደለ ሲል ሰምታው አታውቅማ። ጨመረች። ጆሮዬን ደግሜ አከክኩ። «ትንሽ ይጨምሩ»። ሦስተኛው ላይ አፍንጫዬን ነካሁ፤ አፍንጫ ማለት በቃ ነው። አያታችን ከጥግ ሆነው «ይህቺን ልጅ ምን ነክሷት ነው፣ ቅማል እንዳይሆን!» አሉ። በያጁም የሚጨርሰው የብረት በር ነበረበትና ምሳውን ማታ ሊበላ ተመልሶ ሄደ።

ግሪሱ መጣ። ተቀመጠ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ አፉ ውስጥ ይዟት ቆየ። እማዬ በሩ ላይ ናት፣ ጭልፋው እጇ ላይ ነው፤ አሁን እኔም የማየው እሷን ሆኗል። ዋጠ። ከዚያ ወዲያ ቀና አላለም። ዳቦ ጠየቀ፣ ደገመ፣ ሲነሳ እጁን በሱሪው እየጠረገ «ሰኞ ሰዎቼን ይዤ እመጣለሁ፣ እትዬ» አለ። እማዬ ሄዳ ለራሷ ጨለፈች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ በላች። ደግማ ጨለፈች። እናታችን፣ ወንድም ጋሼ፣ እንክት አድርጋ በላች! ስትጨርስ ከንፈሯን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ምላስ ማለት የልጄ ነው!»

የኔ ምላስ፣ የሱ ምስጋና። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሷል። ባዶ ሳህኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታርፍ አየኋትና ዋጥኩት። ከበላኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደሱ የከበደኝ የለም። አንተም ይህን በስልክ እንዳታነሳው፤ ብታነሳው በአያታችን ጥርስ ይዤሃለሁ፣ የቀሩት ሁለቱም ቢሆኑ ይበቁሃል።

ለጓደኛህም እንዲህ በለው፤ እንክት ማለት ሠሪው በር ላይ መቆሙን ትቶ የሚቀመጥበት አበላል ነው። ሌላ ትርጉም ከፈለገ ሱሪ ሊያሰፋ ይምጣና አባባን ይጠይቅ።

አሁን ሰዓቱ እየመሸ ስለሆነ ሰላምታውን ላጣድፈው። አባባ በመርፌው ቀዳዳ በኩል ሰላም ይልሃል፤ ክር ማስገባት ስላቃተው በዚያው እያየህ ነው። አያታችን ግንባርህን፣ ጉንጭህን፣ ደግመው ግንባርህን ይስሙሃል፤ የሆቴሉን ሰዎች «ልጄን አታጥቡት፣ ልብሱን ብቻ እጠቡ» በልልኝ ብለዋል። እማዬ እንዲህ ብላ አትልክም፣ ግን ሳህንህን ከቁም ሳጥን ባወጣች ቁጥር በመቀነቷ ጠርዙን ስትጠርገው አያለሁ። በያጁም የማያውቅህን ሰው ሰላም ይልሃል፤ አልጋህ አንድ እግሩ ይነቃነቅ ነበር፣ በይዶልሃል። ይህንንም እየቀናሁ ነው የጻፍኩት።

የምጽፍልህ ከማድ ቤት ነው፤ ለብርሃኑ ብዬ። አጠገቤ ትንሿ ድስት አለች፤ የበያጁ ድርሻ ነው፣ ሳህን ተደፍቶባታል። ጨዉ እንደ ትልቁ ድስት መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ «እንደምን ሰንብተሃል» የሚለው ላይ አንዴ በዳቦ ነካሁት። ልክ ነበር። ስለ ሳህንህ ስጽፍ ተናድጄ ደግሜ ነካሁት። ስለ ሻዩ ስጽፍ ሌላ ዳቦ ቆረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ እጄ አንዴ ይጽፋል፣ አንዴ ይጠርጋል፣ ያመነታበት ቦታ ግን ትዝ አይለኝም። አሁን ሳየው የድስቱ ቂጥ ላይ ፊቴ ይታያል። ስቅም አላለኝ።

የበሩ ብረት ተንኳኳ፤ በያጁ ነው። እማዬ «ግባ ልጄ፣ ድርሻህን በትንሿ አስቀምጬልሃለሁ» እያለች ወደዚህ እየመጣች ነው።

የምትወድህ እህትህ

ከማድ ቤት፣ ከተደበቅኩበት ከውሃ በርሜሉ ጀርባ
ቅዳሜ፣ መብራት ሊበራ ሲል

የፖስታውን አፍ ሳላሽገው ይቺን ብቻ ልጨምር። ሳህኑን አነሳችው። በያጁ ከኋላዋ ሆኖ ድስቷን አየና ሲስቅ ይሰማኛል፤ እሷ ግን ትስቅ ትቆጣ ከዚህ መለየት አልቻልኩም። አሁን ጠራችኝ። ድንቢጥ ብላ አይደለም። በሙሉ ስሜ ነው፣ ከነአባባ ስም።